ለአሻንጉሊት የተሰፋ የሀገር ልብስ

እንቁጣጣሽ ሊደርስ ሁለት ሳምንት ሲቀረው የሰባት ዓመቷ ልጄ አንድ ጥያቄ ይዛ መጣች። ለእሷ የሀገር ልብስ ተገዝቷል፤ አያቷም አላት፤ ለእኔም ሳልወድ በግድ ተሰፍቶልኛል። ታዲያ አሻንጉሊቷ ምን ልትለብስ ነው? አሻንጉሊቷ 46 ሳንቲ ሜትር የምትረዝም፣ እዚህ አሜሪካ ባለ 18 ኢንች የምትባለው ዓይነት ናት። ጂንስ አላት፣ የበረዶ ሸርተቴ ልብስ አላት፣ የሐኪም ጋዋን ሳይቀር አላት። የሀበሻ ቀሚስ ግን የላትም።

እኔ የሶፍትዌር መሐንዲስ ነኝ። ችግር ሲገጥመኝ መጀመሪያ የማደርገው ሌላ ሰው መፍትሔውን ሠርቶት እንደሆነ መፈለግ ነው። ኢንተርኔት ላይ ፈለግኩ፣ ለአሻንጉሊት የሚሆን የኢትዮጵያ ቀሚስ የሚል አገኘሁ፣ አዘዝኩ፣ ደረሰ። ነጭ ፖሊስተር ነው። ጥለቱ አልተሸመነም፣ ታትሞበታል። ጀርባው ከላይ እስከ ታች በወፍራም ቬልክሮ ይዘጋል። እናቴ ያን ጊዜ ከጎንደር ልትጠይቀን መጥታ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ ያለው አፓርታማችን ውስጥ መስኮት ሥር ቁጭ ብላ በጆርጂያ አቬኑ የሚያልፈውን መኪና ስትቆጥር ነበር የምትውለው። ቀሚሱን ተቀብላ ገለበጠችና ስፌቱን አየች። «ይሄ'ኮ የሽሮ ከረጢት ነው» አለች። በሦስተኛው ቀን ደግሞ የታተመው ቀይ ቀለም የአሻንጉሊቷን አንገት ነከረው። ቪኒል ቀለም ከጠጣ በቀላሉ አይለቅም፤ እስከ ዛሬ አልለቀቀም።

መስፋት የጀመርኩት በዚያ ሳምንት ነው። ይህን የምጽፈው ግን ስለ ትርፍ ጊዜ ማሳለፊያዬ ላወራችሁ ብቻ አይደለም። አንዲት ስንዝር ከምናምን ቀሚስ፣ እኛ ውጭ የምንኖር ሰዎች «ባህላችን» ስለምንለው ነገርና ባህሉን በእጁ ስለሚሠራው ሰው ያለንን ሒሳብ እንደገና እንድሠራ ስላስገደደችኝ ነው።

አንድ ሦስተኛ

ሥራው ቀላል መስሎኝ ነበር። ባለ 18 ኢንች አሻንጉሊት የምትመስለው የዘጠኝ ዓመት ገደማ ልጅ ነው። የዚያ ዕድሜ ልጅ 1 ሜትር ከ37 ገደማ ብትሆን አሻንጉሊቷ አንድ ሦስተኛዋ ናት ማለት ነው። ባርቢ ደግሞ 29 ሳንቲ ሜትር ስለሆነች አንድ ስድስተኛ ትባላለች። እንግዲህ የዘጠኝ ዓመቷን የእህቴን ልጅ ቀሚስ ለክቼ ሁሉንም ቁጥር ለሦስት ባካፍል ያልቃል አልኩ። አካፈልኩ፣ ቆረጥኩ፣ ሰፋሁ፤ አልገባም።

የመጀመሪያው ስህተቴ ሰውነቷ ነበር። የእነዚህ አሻንጉሊቶች ገላ ውስጡ የተሞላ ጨርቅ ነው፤ ወገባቸው 28 ሳንቲ ሜትር አካባቢ ይሆናል። በሦስት ሲባዛ 84 ይመጣል። የዘጠኝ ዓመት ልጅ እንደዚያ ያለ ወገብ የላትም። ስለዚህ ልብሱ የሚለካው ከሰው ሳይሆን ከራሷ ከአሻንጉሊቷ ነው። የሚካፈለው ዝርዝሩ ብቻ ነው፤ የጥለቱ ስፋት፣ የአንገትጌው ቁመት፣ የቅምቅማቱ ወርድ።

ሁለተኛው ስህተት የበለጠ አስተማሪ ነበር። ቀሚሱን ለሦስት ስታካፍሉት ጨርቁ አብሮ አይሳሳም። ግማሽ ሚሊ ሜትር ውፍረት ያለው ሸማ አሻንጉሊቷ ላይ ሲሆን በእኛ ልክ አንድ ተኩል ሚሊ ሜትር ነው፤ ብርድ ልብስ እንደ መልበስ ያለ። ጫፉን ሦስት ድርብ አጥፋችሁ ስትቀመቅሙት ደግሞ አራት ሚሊ ሜትር ተኩል የሚሆን ጠርዝ ትለብሳለች፤ እሱማ የጫማ ሶል ነው። በዚያ ላይ ትልቅ ቀሚስ በራሱ ክብደት ወደ ታች ይወርዳል፤ ቁመቱና ወርዱ በሦስት ሲቀነሱ የጨርቁ ክብደት በዘጠኝ ይቀንሳል፣ ግትርነቱ ግን እንዳለ ይቀራል። ውጤቱ ጃንጥላ ነው። የመጀመሪያ ቀሚሴ የቆመው አሻንጉሊቷ ውስጡ ሳትኖር ነበር።

ይህን ችግር የሚያውቁ ሰዎች ዓለም ላይ ሞልተዋል። አሻንጉሊት የሚሰበስቡና የሚያለብሱ ሰዎች ስለ አንዲት እጅጌ የሚጠነቀቁት ጥንቃቄ እኛ ስለ ዳታቤዝ ከምንጠነቀቀው አይተናነስም። ከእነሱ የተማርኩት ይህ ነው። ጨርቁ ከመቆረጡ በፊት ይታጠብ፤ ስታርቹም ይለቃል፣ የሚለቅ ቀለም ካለም ይታያል። የመኪናው መርፌ ቁጥር 60 ወይም 70 ይሁን። መኪናው በተለምዶ በ2.5 ሚሊ ሜትር የሚወጋውን ወደ 1.5 አውርዱት፤ አለዚያ ስፌቱ ሲታይ ለጊዜው የተወሰወሰ ይመስላል። ለስፌት የምትተዉት ትርፍ ለባለ 18 ኢንቿ 6 ሚሊ ሜትር፣ ለባርቢ 3 ይበቃል። ሽንሽኑን ቀንሱ። ቬልክሮውን ጣሉና ጠቅ ብለው የሚዘጉትን ትንንሽ ቁልፎች በእጅ ስፉ። እያንዳንዱን ስፌት እንደጨረሳችሁ በእንፋሎት ካውያ ተኩሱት።

ጨርቁን ግን የፈታችው እናቴ ናት። እናቴ በእግር በሚነዳ ሲንጀር የሰፈር ልጆችን ዩኒፎርም ስትሰፋ ያሳደገችን ሴት ናት። መስኮቱን ትታ መጣችና የራሷን ነጠላ አወጣች። «ነጠላ'ኮ ሁለት ነው» አለች። እውነቷን ነው፤ ጋቢ አራት ድርብ እንደሆነ ሁሉ ነጠላ የምንለው ሁለት ስስ ሸማ ተደርቦ ነው። ጠርዙን በምላጭ ፈታችና አንዱን ከአንዱ ለየችው። በእጄ ላይ የቀረው ወረቀት ከሚያሳልፈው በላይ ብርሃን የሚያሳልፍ ጨርቅ ነው። አሻንጉሊቷ ላይ ሲወድቅ ወደቀ፤ አልቆመም።

ጥልፉ ላይ ደግሞ የሙያዬን ኩራት አጣሁ። የጥልፍ መኪና ተበድሬ፣ አንድ የጎንደር መስቀል ንድፍ ስካን አድርጌ፣ በሦስት የሚያሳንስ አጭር ፕሮግራም ጻፍኩ። ፕሮግራሙ ሠራ፤ መርፌው ተሰበረ። ንድፉ ሲያንስ ክሩ አያንስማ! ሠላሳ መስመር የነበረበት ቦታ ላይ ሠላሳው ሁሉ ተደራርቦ ጠጠር የሚያህል የክር ቋጠሮ ፈጠረ። እናቴ እርሳስ አንስታ ከመስመሮቹ ብዙዎቹን ሰረዘች፣ ሰባት ያህል አስቀረች። ስድስት ሆኖ ከተገመደው የጥልፍ ክር አንዷን መዝዛ በእጇ ጠለፈችው። «መስቀል መሆኑ ከታወቀ ይበቃል» አለችኝ። እኔ ሁሉንም ነገር ላስቀር ስል ሁሉንም አበላሽቼው ነበር።

ይህ አባባሏ ከስፌት ውጭም ይከተለኛል። ልጆቻችንን እዚህ ስናሳድግ ያው እኔ ለመኪናው ያዘዝኩትን ነው የምናደርገው፤ ያደግንበትን ሁሉ አሳንሰን ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ባለች ሁለት ሰዓት ውስጥ ልንወጋው እንሞክራለን። ፊደሉ፣ ጾሙ፣ ሰላምታው፣ እስክስታው፣ ታሪኩ። ልጆቹ ቋጠሮውን ያያሉ፣ መስቀሉን አያዩም።

ትንሽ ልብስ ትልቅ ሥራ የሆነበት ጊዜ

«ትልቅ ሰው ሆነህ አሻንጉሊት ታለብሳለህ?» ያለኝ ጓደኛ አለ። ይህን ሥራ ከእኔ በፊት የሠሩትን ሰዎች ነገርኩት።

እ.ኤ.አ. በ1945፣ ፓሪስ ከጦርነቱ ገና ስትወጣ፣ ጨርቅ የለም፣ ማሞቂያም የለም። የፈረንሳይ ስመ ጥር ልብስ ሰፊዎች የሚያሳዩት ፋሽን ቢኖራቸውም ሙሉ ልብስ የሚያወጣ ጨርቅ አልነበራቸውም። ስለዚህ 70 ሳንቲ ሜትር የሚሆኑ የሽቦ አሻንጉሊቶች አሠርተው፣ የሰው አንድ ሦስተኛ በሆነ ልክ አለበሷቸው። የእጅ ቦርሳው ይከፈታል፤ ቁልፉ እውነተኛ ቁልፍ ነው። «ቴያትር ደ ላ ሞድ» የተባለው ይህ ትርኢት በሉቭር ታየ፤ ገቢው ለጦርነቱ ተጎጂዎች ሆነ። የተረፉት አሻንጉሊቶች ዛሬ ያሉት ከእኛዋ ዋሽንግተን በስተ ምዕራብ ጫፍ ባለችው በሌላኛዋ ዋሽንግተን ስቴት፣ ሜሪሂል በተባለ ሙዚየም ውስጥ ነው።

ባርቢም ብትሆን እ.ኤ.አ. በ1959 ኒውዮርክ ላይ ስትቀርብ ልቧን የሰጣት ልብሷ ነው። ሻርሎት ጆንሰን የተባለች ዲዛይነር ጃፓን ድረስ ሄዳ፣ ለ29 ሳንቲ ሜትር ገላ የሚሆን ጨርቅና ቁልፍ ስታስመርጥ ከረመች። ያንን ልብስ ከሰፉት ብዙዎቹ በየቤታቸው ተቀምጠው የሚሠሩ ጃፓናውያን ሴቶች ነበሩ። የዲዛይነሯን ስም ታሪክ ይዞታል፤ የእነሱን የያዘ የለም።

አሻንጉሊት ቀልድ አይደለም ስል ደግሞ ሕግ የተማሩ አንባቢዎቼ ምን ለማለት እንደፈለግኩ ያውቃሉ። ኬኔት እና ማሚ ክላርክ የተባሉ ጥቁር የሥነ ልቦና ተመራማሪ ባልና ሚስት በ1940ዎቹ ለ253 ጥቁር ሕፃናት ከቀለማቸው በቀር አንድ ዓይነት የሆኑ አሻንጉሊቶችን አቀረቡ። አብዛኞቹ ልጆች ነጯን መረጡ፤ «ጥሩ» የቷ ናት ሲባሉም እሷን አሉ። ይህ ጥናት በ1954 የትምህርት ቤት መለያየትን ሕገ ወጥ ባደረገው የጠቅላይ ፍርድ ቤቱ የብራውን ውሳኔ ውስጥ ተጠቅሷል። በዚያው ቀን የዋሽንግተን ዲሲ ትምህርት ቤቶች ጉዳይም አብሮ ተወሰነ። የእኛ ልጆች ዛሬ ከዚያች ከተማ ነዋሪ ልጆች ጋር እኩል ቁጭ ብለው የሚማሩት በዚያ ውሳኔ ላይ ነው።

ባርቢ የሚል ስም ያላት የመጀመሪያዋ ጥቁር አሻንጉሊት የወጣችው በ1980 ነው፤ የነደፈቻት ኪቲ ብላክ ፐርኪንስ ነበረች። በባለ 18 ኢንቾቹ በኩል አሜሪካን ገርል በ1993 አዲ የተባለችውን፣ ከባርነት ያመለጠች ልጅ ታሪክ ያላትን አሻንጉሊት አወጣ። ከእኛ መካከልም የሞከሩ አሉ፤ ኒውዮርክ ላይ ኢትዮጵያውያን ሴቶች ኢቲዶልስ የሚባል ኩባንያ አቋቁመው ንግሥት ማክዳን በአሻንጉሊት ሠርተው ነበር። ሀገር ቤት እንኳ ዕቃ ዕቃ ስንጫወት ከቁራጭ ጨርቅ አሻንጉሊት ያልጠቀለለች እህት የነበረችው ማን አለ?

ስለዚህ ልጄ አሻንጉሊቷን እንደ ራሷ አልብሳ ማየት መፈለጓ ቅብጠት አልመሰለኝም። አሻንጉሊቷ የእሷን ቀለም ይዛለች፤ የበዓሏን ልብስ ግን አልያዘችም ነበር።

ሽሮ ሜዳ ደወልኩ

ቀሚሱ ተሰፋ፤ ጥለት ቀረ። እዚህ ፌንተን ስትሪት አካባቢ ካሉት ሱቆቻችን የልጅ ቀሚስ አይቼ ነበር፤ ጥለቱ 12 ሳንቲ ሜትር ይሰፋል። ለአንድ ሦስተኛ የሚያስፈልገኝ 4 ነው። ትልቁን ጥለት ብትቆርጡት ደግሞ የሚቀረው ሐረግ የተቆረጠ ነገር ነው፤ ምኑም ምን እንደሆነ አይታወቅም። ለስፌት ዕቃ የምንሮጥበት ጆአን የተባለው ትልቁ የጨርቅ ሱቅ በ2025 በመላው አሜሪካ ተዘግቷል፤ ቢኖርም ይህንን አይሸጥም። ቀላሉ መንገድ የታተመውን መግዛት ነበር። የታተመ ጥለት በፈለጋችሁት ልክ ያንሳል፤ ኮምፒውተሩ አንድ ቁጥር መቀየር ብቻ ነው የሚጠይቀው። ፖሊስተር ላይ የታተመ ጥለት ዛሬ አዲስ አበባም እዚህም «የሀበሻ ልብስ» ተብሎ የሚሸጠው በዚህ ምክንያት ነው። የሽሮ ከረጢቱ ነገር ትዝ አለኝና ተውኩት።

አክስቴ አዲስ አበባ ናት። ሽሮ ሜዳን ብዙዎቻችን የምናውቀው በሌላ ምክንያት ነው፤ ቪዛ ፍለጋ ከተሰለፍንበት የአሜሪካ ኤምባሲ ትንሽ ከፍ ብሎ፣ እንጦጦ ሥር ነው። ከጋሞ ደጋ፣ ከዶርዜና ከጨንቻ የመጡ ሸማኔዎች ለትውልድ የኖሩበት ሰፈር ነው። አክስቴ ልኩን ይዛ ሄደች። ሸማኔው መጀመሪያ ለሕፃን ነው ወይ አለ። ለአሻንጉሊት ነው ስትለው ሳቀ። ቀጥሎ የሙሉ ነጠላ ዋጋ ጠራ።

አክስቴ ተቆጥታ ደወለችልኝ። «ለአራት ጣት ጥለት! ያበደ ሰው ነው፣ ሌላ ጋ እሄዳለሁ።» እኔም፣ እውነቱን ልናገር፣ «ግማሹን በይው» አልኳት። ስልኩን ስዘጋ እናቴ ከጎኔ ነበረች።

«ያቺን አንገትጌ ስንት ቀን ፈጀህባት?» አለችኝ።

«ሁለት ቅዳሜ።»

«ታዲያ እሱ በምን ፍጥነት እንዲሠራት ነው?»

መልሼ ደወልኩና ምክንያቱን በአክስቴ በኩል አስጠየቅኩት። ምክንያት ነበረው። ድሩን ማድራት ለአራት ጣትም ለአራት ክንድም ያው ነው። ጥለቱ የሚገባው ድሩን በጣት እየቆጠሩ ነው፤ ክሩ ሲቀጥን ቆጠራው ይበዛል፣ ይበጠሳልም። ቢሮ ውስጥ አንድ ደንበኛ መጥቶ «ይህ ፕሮግራም የሚሠራው ትንሿ የስልክ ስክሪን ላይ ስለሆነ በግማሽ ዋጋ ሥሩልኝ» ቢለኝ ምን እንደምለው አስቡት። እኔ ለሸማኔው ያልኩት በትክክል ይህንን ነው።

አፄ ምኒልክ ሠራተኛን በሥራው መስደብን የሚከለክል አዋጅ ያስነገሩት በ1900 ዓ.ም ነው። ስድቡን ትተን ይሆናል። ጨርቁን «ጥበብ» ብለን ሠርጋችን ላይ እንለብሰዋለን፣ ፎቶ ተነስተን እንኮራበታለን፤ የጠበበበትን ሰው ግን እጁን ጠምዝዘን ዋጋ እናስወርደዋለን። አስተናጋጅ ፊት 20 በመቶ ቲፕ ሳናስቀምጥ ለመነሳት የምናፍር ሰዎች፣ ሽሮ ሜዳ ስንደርስ ሃምሳ ብር ማስቀነስ እንደ ጀግንነት እናወራዋለን።

ይህ ነገር ወደ እኔም ዞሮ መጣ። የልጄን አሻንጉሊት ያየች አንዲት እህት ለልጇ እንድሰፋላት ጠይቃ 20 ዶላር እሰጥሃለሁ አለችኝ፤ በደግነት ነው። አንዷ ቀሚስ 14 ሰዓት ትፈጅብኛለች። የሜሪላንድ ስቴት ዝቅተኛ የሰዓት ክፍያ 15 ዶላር ነው፤ አባዙት፣ 210 ይመጣል። በነፃ ሰፋሁላት። የጨርቁንና የጥለቱን ዋጋ ግን አስከፈልኳት፤ እሱ የእኔ ስላልሆነ።

አንድ ተቃውሞ አለ፤ ትክክለኛም ነው። ከ100 ዶላር በላይ ለምታወጣ አሻንጉሊት ልብስ ማሰፋት፣ ሀገር ቤት ያለውን ጭንቅ እያወቅን፣ እናቴ ራሷ ወደ ጎንደር ልትመለስ ስትዘጋጅ መንገዱ ሰላም መሆኑን እየጠየቅን፣ ቅንጦት አይደለም ወይ? ነው። ቅንጦት እንደሆነ አልክድም። ግን ይህንን ቅንጦት ለልደትና ለገና ማናችንም አልተውነውም፤ ገንዘቡ ይወጣል። ጥያቄው ወደ ማን ይሂድ ነው። በየዓመቱ ከእኛ ቤቶች ጥቂቶቹ እንኳ አንድ አንድ ጠባብ ጥለት ቢያዙ፣ በሰዓቱ ልክ ቢከፍሉ፣ ይህ ሥራ ለአንድ ሸማኔ አዲስ ሙያ ነው። የአማርኛ ትምህርት የሚሰጡ ወላጆችም ቢሞክሩት እላለሁ፤ ስምንት ዓመት የሆናት ልጅ «መርፌ፣ ክር፣ ጥለት፣ መቀነት፣ እጅጌ» የሚሉትን ቃላት በወረቀት ከምትገለብጣቸው በእጇ ይዛ ብትሰፋቸው ቶሎ ታውቃቸዋለች። የእኔ ልጅ «ቅምቅማት» የሚለውን ቃል ከእኔ ቀድማ ነው የተማረችው።

የጠራውን ዋጋ ሳንከራከር ከፈልን። እናቴ ኅዳር ላይ ተመለሰች። ጥለቱ ለገና ሁለት ሳምንት ሲቀረው በሰው ሻንጣ መጣ፤ አራት ሳንቲ ሜትር፣ አረንጓዴና ወርቅማ፣ ጥርት ያለ። ከሥሩ ያላዘዝነው ሌላ ነገር ተጠቅልሎ አለ። አክስቴን ጠየቅኳት። «ምርቃት ነው» አለች። ሸማኔው ከተረፈው ድር ለአሻንጉሊቷ የምትሆን፣ ከመሐረብ ትንሽ የምትበልጥ፣ ጥለት ያላት ነጠላ ሠርቶ ጨምሮልናል።

የገና ዕለት ልጄ አሻንጉሊቷን ራሷ አለበሰቻት። ቀሚሱ ወረደ፣ ጥለቱ በልኩ ተቀመጠ፣ ነጠላዋንም ደረበችላት። ፎቶ አንስቼ ለአክስቴ ላክሁና ለሸማኔው እንድታሳየው ለመንኳት። እኔ የጠበቅኩት ስለ ልኩ ምን እንደሚል ነበር። በማግስቱ መልሱ በድምፅ መጣ፤ ከኋላው የመወርወሪያው ድምፅ ይሰማል።

«በጣም አምሮባታል፣ እጃችሁ ይባረክ» አለ። ትንሽ ቆየና፣ «ግን ምነው፣ ሐዘን ላይ ናት እንዴ?»

ፎቶውን መልሼ አየሁት። ልጄ ነጠላዋን ያለበሰቻት ጥለቱን ወደ አንገት አድርጋ ነው፤ ለቅሶ እንደሚኬድበት። እኔም እንኳ ሳላስተውል ነው ያነሳሁት። ልጄን ጠርቼ ነጠላ የሚለበስበትን መንገድ፣ የበዓሉንና የሐዘኑን፣ አንድ በአንድ አሳየኋት። በጥሞና ሰማችኝ፤ ከዚያ ነጠላዋን ገልብጣ ደረበችላትና ፎቶውን እንደገና አንስቼ እንድልክለት ነገረችኝ።